ሃያ ሦስት ዓመት የተኛው ጠርሙስ

«ጨውህ እርጥብ ነው» አለ ዳኛቸው።

«የእስቴ ዝናብ ነው» አለ ረመዳን ቀና ሳይል።

ይኸው ነበር የሚጠበቀው መልስ። የወገዳ ገበያ ሞልቷል፤ ከዳኛቸው ጀርባ ሁለት የግራዝማች ዘበኞች በበግ ዋጋ ይከራከራሉ። ረመዳን ከደረደራቸው፣ በልጥ ከተጠቀለሉ አሞሌ ጨዎች አንዱን መርጦ ሰጠው።

«ልጡን አትጣለው።»

ዳኛቸው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የግራዝማች ጥጋቡ ጠጅ አሳላፊ ነው። ለአርበኞቹ ግን «ገብስማ» ነው፤ ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ለባንዳው ጌታ እያጎነበሰ የሚቀዳ፣ የሰማውንም ወደ ዱር የሚልክ የውስጥ አርበኛ። አለቃው «መነኩሴው» ይባላል። መነኩሴው የገብስማን ስም እንጂ ፊቱን አያውቅም። ፊቱን የሚያውቀው መልእክት አመላላሹ ረመዳን ብቻ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ፊደል አይለይም።

ወደ ግራዝማች ግቢ ሲመለስ ከጓሮ ገብቶ ልጡን ፈታው። ውስጡ ያለችው ወረቀት ጥፍር ታክላለች።

«ጣሊያኑ ለግራዝማች የላከውን ጠርሙስ በመንገድ ላይ መርዘነዋል። ቀስ ብሎ ሌሊቱን ይገድላል። አንተ እንዳትቀምስ።»

አኝኮ ዋጣት።

እንዳትቀምስ ይለዋል ደግሞ! አሳላፊ በመዳፉ ቀድቶ ቀድሞ ካልጠጣ የትኛው ጌታ ነው ብርሌ የሚያነሳው? ግራዝማች ካልጠጣ ደግሞ ለመላክ ያዘጋጀው የቆዳ ቦርሳ ነገ ጠዋት ንፋስ መውጫ፣ ጣሊያኑ እጅ ይገባል። በውስጡ የአርባ የስማዳ አርበኞች ስም አለ። አርባ ቤት ከነልጁ ይቃጠላል።

ለማንም መናገር አልነበረበትም። ነገር ግን ሰው ነውና ሆዱ አልቻለም፤ ማድ ቤት ገብቶ ለአስካለ ነገራት። አስካለ የቤቱ ወጥ ሠሪ ናት። በግራዝማች ግቢ እንደ ባዳ ይተላለፋሉ እንጂ ቆርበው የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው።

«አትቅመሰው» አለችው በሹክሹክታ።

«ካልቀመስኩ አይጠጣም።»

«አስመስል።»

«መዳፌን ያያል።»

አስካለ የከተፈችውን ሽንኩርት ደግማ ከተፈችው።

ምሳ ቀረበ። ግራዝማች ጥጋቡ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደ ሕፃን ይዳብሰዋል።

«ቡርቦን የሚሉት አረቄ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ። አስተርጓሚው እንዳነበበልኝ ሃያ ሦስት ዓመት በበርሜል ተኝቷል። ዋጋው አንድ ጥማድ በሬ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ጠጄ ሳምንት ቢያልፈው የምቆጣ ሰው ነኝ። ይሄ ሁሉ የተወራለት በእውነት የሚቀመስ ነው? ወይስ ለፋሲካ ይቆይ? ምን ትላለህ?»

ፋሲካ ሁለት ወር ቀርቶታል። ቦርሳው ግን ነገ ይሄዳል።

«ሳይቀመስ በምን ይታወቃል ጌታዬ» አለ ዳኛቸው።

«እንግዲያስ ቅመስ።»

ቡሹን ነቀለ። በግራ መዳፉ ቀዳ። የጠራ ማር ይመስላል። ሽታው አፍንጫውን ለበለበው። አርባ ቤት፣ አለ በልቡ። አርባ።

ጠጣው።

ጣፈጠው። እግዜር ይቅር ይበለውና ጣፈጠው። ሊሞትበት ነው፣ ምላሱ ግን የተቃጠለ እንጨትና የማር እሸት እያለ ያጣጥማል። በገዛ ምላሱ አፈረ።

ግራዝማች ዓይኑን ሳይነቅል አየው።

«ድገም። አሁን ብርሌውን ሙላና ጠጣ።»

ሞላ። ብርሌው ከንፈሩ ሊደርስ ሲል፣ ወጥ ይዛ የገባችው አስካለ ድስቱን ጥላ እጁን መታችው።

ብርሌው ተሰበረ።

«አትጠጣ፣ መርዝ ነው» አለች።

ግራዝማች አልደነገጠም። ጠርሙሱን አንስቶ ከአፉ ገጥሞ ጠጣ፤ ጢሙንም ጠረገ።

«ንጹሕ ነው» አለ። «መነኩሴው አልዋሸኝም። ‹ገብስማ የሚባል ሰላይ ከቤትህ አለ፤ ጠርሙሱ ተመርዟል ብዬ እልክለታለሁ፤ ጠርሙሱን የፈራውን ያዝ› ብሎኝ ነበር። ገብስማ አንቺ ነሽ?»

ለዳኛቸው አሁን ገባው። መርዝ የለም። መነኩሴው ሸጧቸዋል። ነገሩን ለሚስቱ ባይነግራት ኖሮ ሁለቱም በደህና ይውሉ ነበር።

አስካለ ወደሱ ዞረች። ፊቱ ላይ ተፋችበት።

«አዎ፣ ገብስማ እኔ ነኝ» አለች። «የደሀ ልጅ በከንቱ አይሙት ብዬ ለዚህ ለባንዳ ውሻ ማዘኔ ነው ያስያዘኝ።»

ዳኛቸው ፊቱን በጋቢው ጠረገ። ጎንበስ ብሎም የብርሌውን ስባሪ መልቀም ጀመረ።

ዘበኞች እጇን የፊጥኝ አስረው በዚያው ከሰዓት ወደ ንፋስ መውጫ ወሰዷት። ስታልፈው ዞር ብላ አላየችውም።

«መርዝ ቢሆን ትሞትልኝ ነበር» አለ ግራዝማች፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«ሥራዬ ነው ጌታዬ።»

«ቦርሳውን ነገ አንተ አድርስልኝ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው አላምንም።»

በማግስቱ ጠዋት በበቅሎ ወጣ። ከከተማው ራቅ ሲል ቦርሳውን ፈታ። የስሞቹ ዝርዝር የተጻፈው ትናንት በዋጣት በመነኩሴው ወረቀት የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ያው የተጣመመ «መ»።

መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በግራ በኩል ንፋስ መውጫ ነው፤ አስካለ በስድስት ጠመንጃ ታጅባ ሄዳበታለች። በቀኝ በኩል እስቴ ነው። በቅሎዋን አቁሞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ወደ ቀኝ ዞረ።

ረመዳንን በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ፣ ሱቁ ውስጥ አገኘው። ስሞቹን አንብቦለት ወረቀቱን እዚያው አቃጠሉት።

«የሸጠን መነኩሴው ነው። ለዱሩ ንገር። ዝርዝሩን ደግሞ መጻፍ ይችላልና አርባዎቹ ዛሬውኑ ከቤታቸው ይውጡ።»

«አንተን ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ገብስማ ሴት ነበረች በል። ተይዛለች በል።»

ጣሊያን ሲመጣ አርባዎቹን ቤቶች ባዶ አገኛቸው። መነኩሴው ከዱር በሕይወት አልተመለሰም። አስካለን በቅዳሜ ገበያ ሰቀሏት። የማንንም ስም አልተናገረችም አሉ።

ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ ንፋስ መውጫ ላይ አንድ ሹም ለእንግዶቹ ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ ከፈተ። ስለ ጀግናዋ ገብስማ እያወራ ነበር። ማገዶ ያራገፈውን ሸበቶ ሰው አየና ብርጭቆ ዘረጋለት።

«እንካ አባቴ፣ ቅመስ። ውድ ነው፣ ግን ዋጋው ይገባዋል።»

ሰውየው አሸተተው። አልተቀበለም።

«ቀምሼዋለሁ» አለ።

ሁሉም ሳቁ።

«እሺ፣ እንዴት ነበር?»

«ይጣፍጣል።»

ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ። ስሙን የጠየቀው አልነበረም።