የተደፉት ቀንድ አውጣዎች

የኮምቦልቻው ቤተ ሙከራ በር ሲከፈት ሽታው ቀድሞ ወጣ። መብራት ጠፍቶ በማደሩ የማቀዝቀዣው በረዶ ቀልጦ፣ ከባሕር የመጡት ቀንድ አውጣዎች ከርፍተዋል። ተመራማሪው ዶክተር አግማስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ፊት ለፊቱ ሳህን ላይ ቀንድ አውጣዎች በአፋቸው ተደፍተው፣ አጠገባቸው ሹካና የተጨመቀ ሎሚ አለ። ከደሴ የተጠራችው ኢንስፔክተር ሸዋረጋ በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ያዘች። ሰው ይህን ይበላል ብሎ ማሰቡ ራሱ ያስታውካል።

«ይቀምሰው ነበር፤ ተመረዘ» አለ ባልደረባው ዶክተር ደሳለው፣ ከበሩ ሳያልፍ።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን መርዙን ያገኘው በሻዩ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ሻዩን ያፈላችው የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ነጂባ ስለሆነች ፖሊሶቹ ሊወስዷት ተነሱ።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለች ነጂባ። «ጡት ያልጣለች ልጅ አለችኝ።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለች ሸዋረጋ።

«የእነዚህን ሥጋ በእጄ እየጎለጎልኩ ለዶክተር አግማስ መስጠት። ትናንት፣ ዶክተር ደሳለው ከባሕር ያመጧቸው የሁለቱ ሳጥን ቀንድ አውጣዎች ዘር አንድ ነው ብለው ሲቆጡ ነበር።»

ሸዋረጋ ወደ ደሳለው ዞረች። «አንድ መሆኑ ምን ያስቆጣል?»

«መሬት ያቀፈው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ እጮቹ ርቀው አይሄዱም፤ እርስ በርስ ስለሚዋለዱ ዘራቸው ይቀራረባል። ዳርቻው ቀጥ ያለና ክፍት ከሆነ ግን ሞገዱ ከየቦታው እያመጣ ይደባልቃቸዋል። እኔ ከሁለቱም ቦታ ለቅሜ ነው ያመጣሁት።»

ሸዋረጋ ደሳለውን ወደ ባሕሩ የወሰደውን ሾፌር ተውፊቅን ከደሴ ፒያሳ አስጠራችና ሦስቱን ሳህኑ ዙሪያ አቆመቻቸው። ጥርሷን ነክሳ አንዱን ቀንድ አውጣ በጣቷ ገለበጠችው። የበሰበሰው ሥጋ ሙሉውን ውስጡ ነበር።

«ገዳዩ የተበላ ለማስመሰል በሹካ ደፍቶት ሄደ እንጂ ሥጋውን ማውጣት ተጸየፈ። ነጂባ ብትሆን ባዶ ታደርገው ነበር፤ የዕለት ሥራዋ ነው። ዶክተር ደሳለው፣ እስቲ አንዱን ያንሡልኝ።»

ደሳለው እጁን ዘረጋ፤ ሳይነካው አስመለሰው።

«ይህን መንካት የማይችል ሰው ከሁለት ዳርቻ አልለቀመም። ተውፊቅ?»

«ከመኪና አልወረዱም። ሁለቱንም ሳጥን እዚያው ባሕረ ሰላጤው ላይ በዓሣ አስጋሪ አስሞሉ» አለ ተውፊቅ አንገቱን ደፍቶ።

«ዘሩ አንድ የሆነው ለዚህ ነው። አግማስ ውሸትዎን ስለደረሰበት ነጂባ ባፈላችለት ሻይ ውስጥ መርዝ ጨመሩ።»

«ስሜን ሊያጠፋው ነበር» አለ ደሳለው አፉን እየጠረገ።

ሸዋረጋ አየችው። እጁ እንዳይሸት ብሎ የዋሸ፣ ውሸቱ እንዳይወጣ ብሎ የገደለ፣ ለዚያውም የምታጠባ እናት ልትታሰርለት ዝም ያለ ሰው ነው። ከሳህኑ ይልቅ እሱ አቅለሸለሻት።

«ውሰዱት» አለች። ከዚያ ሳሙናውን ለነጂባ አቀበለቻት። «ታጠቢና ወደ ልጅሽ ሂጂ።»