ስማቸው ያልተጠየቀ ሦስት እንግዶች

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በላይ ያለው ተራራ ለሰባት ቀን ከጉም አልወጣም ነበር፤ ጥዱና ወይራው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጉሬዛዎቹ እንኳ ድምፃቸውን አጥፍተው ቅርንጫፍ ላይ ተኮራምተው ይውላሉ። በዚያ ተራራ ትከሻ ላይ ጥድ አፋፍ የምትባል፣ አርባ አባወራ የሚኖርባት መንደር ነበረች። በመንደሪቱ ራስጌ ሐድራ አለ፤ የቀደሙት ሼህ የተቀበሩበት፣ ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ የሚደረግበት ቦታ ነው። በዙሪያው ያለውን ደን መጥረቢያ ነክቶት አያውቅም፤ ዛፍ በራሱ ጊዜ ቢወድቅ እንኳ በወደቀበት ይበሰብሳል እንጂ ለማገዶ አይነሣም።

የሐድራው ኻዲም ሼህ ዘይኑልአቢዲን ነበሩ። አያታቸውም አባታቸውም ያንኑ ቦታ ሲያገለግሉ ኖረው አልፈዋል። ሼሁ ሰባ ዓመት ተሻግረዋል፤ ቃል አያበዙም፤ ሰው ሲናገር ዓይኑን ሳይሆን እጁን ያያሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ያሉት የልጃቸው ሚስት ጣይባና የሁለት ወር ጨቅላዋ ዚክራ ናቸው፤ ልጃቸው አብዱልባሲጥ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ወሩን የሚገፋው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር።

በዚያ ክረምት ወሬው ሁሉ የጦርነት ነው። ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ገብቶ የትምህርት ቤቶችን ክፍል ሞልቷል፤ ገበያ የወረደ ሰው ከጨውና ከጋዝ ጋር አዲስ የቦታ ስም ይዞ ይመለሳል፤ የሚጠራውም ቦታ በየሳምንቱ እየቀረበ መጣ።

ሦስቱ እንግዶች የመጡት በዚህ መካከል ነው። በእግራቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ ከጉሙ ውስጥ ወጡ፤ አንዱ መነጽር ያደረገ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ የወታደር ጫማ የተጫማ ዝምተኛ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሼሁ» አለ ባለመነጽሩ። «ደኑንና ሐድራውን ልናይ ነው የመጣነው። ፏፏቴም አለ ብለውናል።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለት ያለው ነገር የያዘ ካለ እዚች ወይራ ላይ ይስቀል፤ ስትመለሱ ታነሣላችሁ።»

ረጅሙ ከኪሱ ሰንጢ አወጣ። «የኔስ ለብርቱካን መላጫ ናት» አለ እየሳቀ።

«ብርቱካኑን ይዘህ ግባ፤ ጥርስ አለህ።»

ሼሁ ስማቸውን አልጠየቁም። የጥድ አፋፍ ወግ ነው፤ ወደ ሐድራው የመጣ ሰው ስሙ፣ ሀገሩ፣ ሃይማኖቱ አይጠየቅም። ራሱ ከተናገረ ይሰሙታል፤ ዝም ካለ አብልተው፣ ዱዓ አድርገውለት ይሸኙታል። ወጉን የተከሉት የመጀመሪያው ሼህ ናቸው ይባላል፤ የሚታደን ሰው አስጠግተው ሳለ አሳዳጆቹ ደርሰው «እገሌ እዚህ አለ ወይ?» ቢሏቸው፣ ስሙን ጠይቀውት ስለማያውቁ፣ ሳይዋሹ «የምትሉትን ሰው አላውቀውም» ብለው መለሷቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያች መንደር እንግዳን «ማን ነህ?» ማለት ከደጅ እንደ መመለስ ይቆጠራል።

ሼሁ ሁለት ቀን ሙሉ አዞሯቸው። በበጋም በክረምትም መጠኑ የማይለወጠውን ምንጭ፣ ከዝግባዎቹ ሥር የሚወረወረውን ፏፏቴ፣ የቀደሙትን ሼህ መቃብር አሳዩአቸው። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ለጥቂት ጊዜ ተገለጠና ከታች የኮምቦልቻ ሜዳ ታየ፤ የፋብሪካው ጣሪያ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው፣ የደፈረሰው የቦርከና ወንዝ። ባለመነጽሩ የርቀት መነጽር አውጥቶ ሜዳውን ለረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ ማስታወሻ ላይ ጻፈ።

«ከዚህ እስከ ሐረጎ መንገድ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«ለኔ ነው ላንተ?»

«ጭነት ለያዘ ሰው።»

«እንደ ጭነቱ ነው። ማር ለያዘ አንድ ሰዓት፤ ሬሳ ለያዘ ሦስት።»

ሰውዬው አልሳቀም፤ ሁለቱንም ጻፈ።

ጣይባ ልጇን አዝላ ቂጣና እርጎ ይዛላቸው መጥታ ነበር። እንግዶቹ ሲበሉ አማቷን ወደ ጎን ጠራቻቸው።

«አባ፣ እነዚህ ደን ሊያዩ የመጡ አይመስሉኝም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ቀና ብሎ ዛፍ ያየ የለማ። የሚያዩት መሬት መሬቱን ነው። ያ ባለ ጫማው ደግሞ እርምጃውን ይቆጥራል፤ በጆሮዬ ሰማሁት።»

«እንግዳ ናቸው፣ ልጄ።»

«ይጠየቁ እንጂ። እርስዎ ካፈሩ እኔ ልጠይቅ፤ ወሬኛ ሴት ናት ብለው ያልፉኛል።»

«አይጠየቅም። ዛሬ ፈርተን ከጠየቅን ነገ ፈርተን እናባርራለን።»

ጣይባ ባዶውን ሳህን አነሣች። «እሺ፣ አባ» አለች፤ እሺታዋ ግን ሼሁን አልጣማቸውም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባለመነጽሩ ስለ ዋሻው አነሣ። ዋሻው የመንደሩ መጠጊያ ነበር፤ ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን በደበደበ ጊዜ ሴቶችና ሕፃናት የከረሙበት፣ ከዚያ ወዲህ የእናቶች ዋሻ የሚባል፣ አፉን ቁጥቋጦ የሸፈነው። ለሰው አይታይም። ሼሁ አመነቱ። ነገር ግን ሁለት ቀን ሙሉ የሚናገሩትን የሚሰማ፣ የሚጽፍ ሰው አግኝተዋል፤ የመንደሩ ወጣት ወደ ከተማ ወርዶ ስለ ደኑ የሚጠይቃቸው ከጠፋ ዘመን ሆኗል። ኩራት ያዛቸው፤ መሩአቸው።

ዋሻው ውስጥ ረጅሙ ሜትር ዘርግቶ ለካ። ዝምተኛው ከወለሉ አፈር ዘግኖ በላስቲክ ቋጠረ። ባለመነጽሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ቆየና «ነፋስ አለ፤ ሌላ መውጫ አለው ማለት ነው» አለ። ሰውዬው ነፋሱን ተከትሎ የኋላውን ቀዳዳ ራሱ አገኘው።

«ስንት ሰው ይይዛል?»

«አላህ ያስገባውን ያህል።»

«ሁለት መቶ» አለ ረጅሙ ሜትሩን እየጠቀለለ። «ቢጨናነቁ ሁለት መቶ ሃምሳ።»

ያቺ «ቢጨናነቁ» የምትል ቃል ሼሁን እንደ እሾህ ወጋቻቸው። «እነማን ናቸው የሚጨናነቁት?» ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ነበር፤ መለሱት። በማግሥቱ እንግዶቹ ዱዓ ተቀብለው ወደ ጉሙ ገቡ።

መስከረም አለፈ። ጥቅምት ሲጋመስ ከሐይቅ ከተማ በኩል የመድፍ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ መጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነበር፤ ኋላ የቤት ቆርቆሮ አንቀጠቀጠ። በወሩ መጨረሻ የሐረጎን መንገድ ሕዝብ ሞላው፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ አሮጊት ያዘለ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ሁሉም ወደ ታች። የጥድ አፋፍ ሰው ሐድራው ግቢ ተሰበሰበ።

«ምክር አያስፈልገውም» አለ የሼሁ እኩያ ኑርሁሴን። «እናቶቻችን ከገቡበት እንገባለን። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ተወልዶ ይኸው እስኪሞት ድረስ ብርሃን ሲሸሽ ኖረ።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሼሁ በምርኩዛቸው ተነሡ።

«ወደ ዋሻው አትሂዱ። ለሰው አሳይቼዋለሁ።»

«ለማን?» አለ ኑርሁሴን።

«ለእንግዶች። በነሐሴ ለመጡት።»

«የየት ሰዎች ናቸው?»

«አላውቅም።»

«ስማቸውስ?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

ኑርሁሴን ወደ ደኑ ጠቆመ። «ዕድሜህን ሙሉ መጥረቢያ እንዳይገባ ጠበቅክ፣ ዘይኑ፤ ሜትር አስገባህ።»

«አስገባሁ። ሁለቱን በር ያውቃሉ፤ ስንት ሰው እንደሚይዝም ያውቃሉ። በሁለቱ በር ሰው ከቆመ ከኛ አንድ አይወጣም። ወደ ወይራ ገደል እንውረድ፤ እዚያ ዛፉ ይሸሽገናል።»

«ውርጭ ነው። እሳት አይነድበትም፤ ጭሱ ይታያል። ሕፃናት አሉ።»

«አውቃለሁ» አሉ ሼሁ፤ ወደ ጣይባ ግን አላዩም።

«ይሄ የሐድራው ቃል ነው ወይስ ያንተ ፍርሃት?»

«ሁለቱም ነው።»

ሰዉ አጉረመረመ፤ ተራገመም። ይሁን እንጂ በዚያች መንደር የኻዲም ቃል ተሽሮ አያውቅምና አርባውም አባወራ እቃውን ተሸክሞ ወደ ወይራ ገደል ወረደ።

አሥራ አንድ ቀን እዚያ ቆዩ። ቀን ቀን ከሐረጎ በኩል የመኪናና የተኩስ ድምፅ ይመጣል፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ እየበጠበጡ ጠጡ። በስድስተኛው ቀን ዚክራ ጡት ትታ ማሳል ጀመረች። ጣይባ ልጇን በጉያዋ እንደያዘች ሼሁ ዘንድ መጣች።

«አባ፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ዋሻው ይሞቃል። እኔ ብቻዬን ይዣት ልሂድ።»

«ዱካሽ ይቀራል፤ ዱካሽ ወደ ሁላችን ይመራል።»

«ማንን ነው የሚመራው? እነማን ናቸው?»

ሼሁ ጋቢያቸውን አውልቀው ለልጅቷ ደረቡላትና ራሳቸው በነፋሱ በኩል ተቀመጡ። ጣይባ ብትሄድ ማንም በጉልበት አይመልሳትም ነበር። ሌሎቹን ሕፃናት ዞር ብላ አየች፤ ቀረች።

በስምንተኛው ቀን፣ ፀሐይ ገደሉ አፍ ላይ ስትደርስ፣ ዚክራ አረፈች። ኑርሁሴን ጉድጓዱን ቆፈረ። ሶላቱን ሼሁ ራሳቸው አሰገዱ፤ ሴቶቹም ድምፅ እንዳይሰማ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አለቀሱ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደሴንና ኮምቦልቻን የያዘው ጦር ከመንገዱ ወዲህ እንዳልወጣ፣ ተራራው ላይም ሰው እንደሌለ ተሰማ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሲመለስ ኑርሁሴን ብቻውን ወደ ዋሻው ወጣ፤ ሼሁም ተከተሉት። የአፉ ቁጥቋጦ አንድ ቅርንጫፍ አልተሰበረም። ውስጡ ሞቃት ነበር። ወለሉ ላይ ባለው ደቃቅ አቧራ የነሐሴዎቹ ሰዎች ዱካ አለ፤ በላዩ ላይ የጃርት እግር አልፎበታል፤ ሌላ ምንም የለም። የኋላውን ቀዳዳ ሸረሪት ድር አድርታበታለች።

«ማንም አልመጣም» አለ ኑርሁሴን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልመጣም።»

«ምናልባት መምህራን ነበሩ። አፈር የሚያጠኑ አሉ።»

«ምናልባት።»

«ምናልባትም ሌላ ነበሩ፤ መንገድ ጠፍቷቸው ቀሩ። አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር፣ ዘይኑ።»

«አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር» አሉ ሼሁ። ከዋሻው ሲወጡ ግድግዳውን እየዳበሱ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ደህና ነበር።

የስልክ መስመር ተቋርጦ ስለነበር አብዱልባሲጥ የልጁን ሞት የሰማው በታኅሣሥ ነው። ጣይባ አማቷን እንደ ወትሮው ታገለግላለች፤ የውዱእ ውሃ ታቀርባለች፤ «አባ» ማለትን አልተወችም፤ በነገሩ ላይ ግን አንድ ቃል አላነሣችም። ይህም ለሼሁ ከእርግማን የከበደ ሆነ።

ደሴና ኮምቦልቻ ከተለቀቁ በኋላ፣ በጥር ወር፣ በጦርነቱ የደረሰውን ጉዳት የሚመዘግቡ ሁለት ሠራተኞች ወደ መንደሪቱ ወጡ። ከመካከላቸው ኢንቲሳር የምትባል ወጣት ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሼሁን ጠየቀች።

«የተቃጠለ ቤት አለ፣ አባቴ?»

«የለም።»

«የተዘረፈ ከብት?»

«የለም።»

«ከቤተሰብዎ በጦርነቱ የሞተ ሰውስ?»

ሼሁ ዞር ብለው ወደ ደጃፉ አዩ። እዚያ ቆማ የነበረችው ጣይባ መለሰች።

«የለም፣ እህቴ። እኛ ጋ ማንም አልመጣብንም።»

ኢንቲሳር «የለም» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች ከተሞቹ የተያዙበትን ቀን ጽፈዋል፤ የተለቀቁበትን ቀን ጽፈዋል፤ በመድፍ የፈረሰውንና በጥይት የወደቀውንም እንዳገኙት መጠን ቆጥረዋል። ጥድ አፋፍ በዚያ መዝገብ ያላት አንድ መስመር ናት፤ ጉዳት ያልደረሰባት መንደር ትላለች። መስመሩ ሐሰት አይደለም። በፍርሃትና በብርድ ስለሞተ ሰው የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም፤ የመንደሩም ሰው ያልተጠየቀውን አይናገርም። ሦስቱ ሰዎች ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።