የስሙ ቦታ

«የክርስትና ስሙስ?» አሉ መምሬ ሐዲስ።

ፀደንያና አጎቷ አያ ዳኛው ተያዩ። በሰፈሩ ዑራኤል ቅጥር ውስጥ፣ ከጽዶቹ ሥር፣ ሦስቱ ብቻ ቆመዋል። አባቷ ሰውአገኝ ያረፈው ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነው። ጉበቱን ታሞ ከተኛበት ሳይነሣ ቀረ። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆርጧል። እናቷ ከአስከሬኑ አጠገብ አልነሣም ስላለች፣ ቄሱን ለማነጋገር ከአጎቷ ጋር የመጣችው እሷ ናት።

«ሰውአገኝ የዓለም ስሙ ነው» አሉ ቄሱ፣ ጥያቄያቸው ያልገባቸው መስሏቸው። «ፍትሐቱ ላይ የምጠራው የክርስትና ስሙን ነው። እናንተ ባታውቁት የንስሐ አባቱ አያጡትም። ማን ናቸው?»

«እሳቸውማ አገር ቤት፣ ድብ ባሕር ናቸው» አለ አጎቷ ቶሎ ብሎ። «መንገዱ ተዘግቷል። ስልኩም አይሠራም። ስሙ ግን… ኃይለ ጊዮርጊስ ነው።»

ቄሱ ስሙን በልባቸው ለመያዝ ያህል ቀስ ብለው ደገሙት። ከዚያ ወደ ፀደንያ ዞሩ።

«እንዲያ ነው፣ ልጄ?»

ፀደንያ ያንን ስም አባቷ ላይ ሲጠራ ሰምታ አታውቅም። አጎቷ ከኋላ ክርኗን ነካ አደረጋት። ቀና ሳትል ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ከቅጥሩ ከወጡ በኋላ ነው ድምፅ ያወጣችው።

«ከየት አመጣኸው፣ አያ?»

«ከየትም። ጊዮርጊስን ይወድ አልነበር? ሸጋ ስም ነው።»

«አባዬ እኮ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።»

«ታዲያ ማንም ካላወቀ ማን ይከራከራል?» አጎቷ እርምጃውን አፈጠነ። «ቄሱ ስም ፈለጉ፣ ስም ሰጠኋቸው። ስም የለውም ብዬ እዚያ ልገተር? ሰው ምን ይላል? ሳይጠመቅ የሞተ ነው ይሉታል። ለእናትሽ ስትይ አፍሽን ዝጊ።»

አባቷ ተጠምቋል። ያንን ሁሉም ያውቃል። ስሙን ግን ይደብቅ ነበር። ገና ልጅ ሳለ እናቱ፣ «የክርስትና ስምህ ጠላት እጅ ከገባ ድግምት ይሠሩበታል፤ ከንስሐ አባትህ በቀር ለማንም» ብለው አስፈራርተውታል። እሳቸውም፣ የንስሐ አባቱም፣ የክርስትና አባቱም ተራ በተራ ሞቱ። የፀደንያ እናት ያገባችው በሰማንያ እንጂ በቁርባን ስላልነበር ስሙን ካህን ሲጠራው አልሰማችም። ስትጠይቀው፣ «ምን ያደርግልሻል?» እያለ ይስቅባት ነበር። ፀደንያንም የራሷን የክርስትና ስም ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል።

በድብ ባሕር በኩል ተኩሱ ሲበዛ ቤታቸውን ዘግተው ጎንደር ከገቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አባቷ እዚህም ሌላ የንስሐ አባት አልያዘም። «አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ ለምን በአንዱ እታሰራለሁ?» ይል ነበር። ዛሬ አንዱን ንግሥ ያነግሣል፣ በሌላው ወር ሌላው ጋ ያስቀድሳል፣ ወደ ሥራ ሲሄድ ደግሞ የዑራኤልን በር ተሳልሞ ያልፋል። ፀደንያም ይህ ይመቻት ነበር። ማንም «የማን ልጅ ነሽ?» አይላትም። ማንም ውኃ ቅጂ፣ ምንጣፍ አራግፊ አይላትም። ሕዝቡ መሐል ገብታ፣ ሕዝቡ መሐል ትወጣለች።

የክፍሏ ልጅ መዝሙር ብቻ ነበረች የማትለቃት። «እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ነይ። አታካብጂ፣ ማንም አይበላሽም» ትላታለች ሁልጊዜ።

«እኛ ሌላ ደብር ነን።»

«የትኛው?»

«ሩቅ ነው።»

ቤት ሲደርሱ ግቢው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሁለት ጎረቤቶች በር ላይ ተቀምጠዋል። አከራያቸው እትዬ ዐዚዛ የራሳቸውን ምንጣፍ አውጥተው እያነጠፉ ነበር።

«ዳኛው፣ ሰዎቻችሁ የት አሉ?» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይመጣሉ፣ እትዬ።»

«መቼ? እኛ ጋ ሰው ሲሞት የሬሳው ማጠቢያ ውኃ ሳይሞቅ ጀመዓው ግቢውን ይሞላዋል። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን አልሰማም እንዴ?»

«ሰምቷል፣ ሰምቷል።»

እትዬ ዐዚዛ አጎቷን ትንሽ ተመለከቱት። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ልጃቸውን ዐብዱልከሪምን ተጣሩ። «ሱቁን ዝጋና ጓደኞችህን ይዘህ ና! የሚሸከም ሰው የለም።»

አስከሬኑን እስከ ዑራኤል በር ድረስ የተሸከሙት በአብዛኛው ዐብዱልከሪምና የአራዳ ነጋዴ ጓደኞቹ ናቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከውስጥ ፀደንያ የማታውቃቸው ወጣቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ወጥተው ተቀበሏቸው። መምሬ ሐዲስ ጠርተዋቸው ነው። ጧፍ ከምታድለው ልጅ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመች። መዝሙር ናት።

«ፀዲ!» መዝሙር ጧፎቹን ለሌላ ሰጥታ አቀፈቻት። «ምነው አልደወልሽልኝም? መምሬ ሲነግሩን ነው እኮ የሰማሁት።»

ፀደንያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«የእናንተ ደብር ሰዎች የት ደረሱ?» አለች መዝሙር። « መምሬ ትንሽ እንታገሣቸው ብለዋል። ሳይደርሱ ቢቀበር ሼም ነው።»

ፀደንያ ወደ በሩ ተመለከተች። በበሩ የሚገባ ሰው አልነበረም። ዐብዱልከሪምና ጓደኞቹ ብቻ ከግንቡ ውጭ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«የሚመጣ የለም» አለች።

«እንዴት?»

«ደብር የለንም። ዋሽቼሽ ነው።»

መዝሙር እጇን ከትከሻዋ አነሣች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች መዝሙር። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «እሺ። ለማንኛውም እኛ እስከ አርባው ከማታ ጉባኤ በኋላ እንጸልይለታለን። ለሞተ ሁሉ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ኃይለ ጊዮርጊስ ብለው ነግረውናል መምሬ» አለቻት።

እነዚህ አባቷን አይተውት የማያውቁ ልጆች በየምሽቱ ሊቆሙ ነው። ሰው የሌለበትን ቤት እንደሚያንኳኩ ሁሉ፣ ያልነበረ ሰው ሊጠሩ ነው። አባቷ ደግሞ እዚያው አጠገባቸው አፈር ውስጥ ይሆናል።

ከተናገረች እናቷ በሰው ፊት ትዋረዳለች። አጎቷ ይቅር አይላትም። ዝም ካለች ግን ማንም ምንም አያውቅም። እሷ ብቻ ታውቃለች።

መምሬ ሐዲስ ካባቸውን ደርበው መስቀላቸውን ሊያነሡ ሲሉ ደረሰችባቸው።

«መምሬ፣ ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«አናውቀውም።»

አያ ዳኛው ከኋላዋ እየሮጠ መጣ። «ልጅ ናት፣ መምሬ! ኀዘን ነው የሚያስለፈልፋት!»

ቄሱ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። «እናትሽስ ታውቀዋለች?»

«እሷም አታውቅም። የንስሐ አባትም የለንም። ሞተዋል። ሌላ አልያዝንም።»

መምሬ ሐዲስ ወደ ቃሬዛው ተመለከቱ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የጠበቀችው ፀደንያ ያየችው ድካም ነበር።

«ዘወትር በር ላይ ተሳልሞ ሲያልፍ አየዋለሁ» አሉ። «አንድ ቀን ልጥራው፣ አንድ ቀን ልጥራው እያልኩ…» አልጨረሱትም። «ሐሰት አልጠራም፣ ልጄ። መጽሐፉ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ‹እገሌ› ይላል። እኔ እዚያ ስደርስ ዝም እላለሁ።»

ፍትሐቱ ተጀመረ። ዜማው እየከበደ ሄደ። «እግዚኦ፣ አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ» አሉ መምሬ ሐዲስ፣ አቤቱ የባሪያህን ነፍስ አሳርፍ ሲሉ፤ ከዚያ ቆሙ። ዝምታው አጭር ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው። ዲያቆኑ ተሳስተው መስሎት ቀና አለ። ጎረቤቶቹ ተያዩ። ቄሱ ቀጠሉ። ደግመው እዚያው ቦታ ሲደርሱ ደግመው ቆሙ።

«ምነው ዘለሉት?» አለች እናቷ። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ በጩኸት። «ምነው ዘለሉት? ባሌ ስም የለውም ወይ? ሰውአገኝ ነው! ሰውአገኝ በሉት!»

ሴቶቹ ደግፈው ያዟት፤ አያ ዳኛው ጠጋ ብሎ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከላት። ፀደንያ ልትይዛት እጇን ብትዘረጋ እናቷ ገፋቻት። አጎቷ ነግሯታል ማለት ነው። አፈሩ እስኪመለስ ድረስ ፀደንያ ብቻዋን ቆመች። ትንሽ ቆይታ ግን ጎኗ ላይ ሙቀት ተሰማት። መዝሙር ነበረች። ጧፍ አቀበለቻትና ከራሷ ጧፍ ለኮሰችላት።

በሣልስቱ ማግስት አያ ዳኛው ወደሚኖርበት ወደ ትክል ድንጋይ ተመለሰ። ሲሰናበት እናቷን ሳመ፤ ፀደንያን ግን ሳያያት መኪና ተራ ወረደ። እናቷ እህል ትቀምሳለች፣ ለምትጠየቀው ትመልሳለች፣ ከዚያ ያለፈ ነገር ከልጇ ጋር አታወራም። ቦኖው ጋ ውኃ የሚጠብቁ ሴቶች ፀደንያ ስትመጣ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አንድ ቀን ግን ዘግይተው ኖሮ ሰማቻቸው፤ «ያ ስም አልባው ሰውዬ» እያሉ ነበር።

የድብ ባሕር ስልክ አሁንም አይሠራም። ቢሠራስ ማንን ትጠይቃለች? የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። ይህንን ሌሊት ሌሊት ስታገላብጠው ከርማ አንድ ነገር ገባት። አንድ ቀን እናቷም ትሞታለች። አንድ ቀን እሷም። ያኔም አንድ ቄስ ይጠይቃሉ፤ ያኔም አንድ ሰው የመጣለትን ስም ይጠራል።

እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አነሣች።

«የት ነው?» አለች እናቷ ከአልጋው ላይ። ከቀብሩ ወዲህ ራሷ ስትጠይቃት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ዑራኤል።»

«ያ ሁሉ ውርደት ካደረሱብን በኋላ?»

«እነሱ አይደሉም ያዋረዱን፣ እማዬ።» ፀደንያ በሩን ይዛ ቆመች። «ያንቺን ስም ልንገራቸው?»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ፀደንያ ጠበቀች።

«አመተ ማርያም» አለች እናቷ ወደ ግድግዳው።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ፀደንያ አልወጣችም። መምሬ ሐዲስ መስቀል የሚሳለሙ ሰዎች ከብበዋቸው ነበር። ከኋላ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም አሉ። ተራዋ ሲደርስ መስቀሉን ተሳለመችና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«መምሬ፣ የንስሐ አባት እንዲሆኑን ነው። ለእናቴና ለእኔ።» ከዚያ የክርስትና ስሟን አንሾካሾከች።

«ምን አልሽ?»

ደግማ አንሾካሾከች።

«ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፣ ልጄ። ጮክ በይ።»

ፀደንያ ወደ ኋላ ዞር አለች። ሰዎቹ ያዩዋታል። ቦኖው ጋ ካሉት ሴቶች አንዷ ቆማለች። መዝሙርም ቆማለች። ስሟን ለማንም እንዳትናገር አባቷ ያስማላት መሐላ ትዝ አላት።

«ወለተ ሩፋኤል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጋ።