ሸምበቆው የታጨደ ዕለት

«አጥፋው! ማሽኑን አጥፋው አልኩህ!»

ወፍ ቆጣሪዋ ጭቃው እስከ ጉልበቷ እየዋጣት ወደ ማጨጃው ማሽን ሮጠች። ጊዜው ጸደይ ነው፤ የዱር ዳክዬዎች በረግረጉ ሸምበቆ ውስጥ እንቁላል ታቅፈው የተኙበት። ዛሬ ግን ሸምበቆው ከዳር እስከ ዳር የታጨደ መሰላት። ዳክዬዎቹ ከላይ እየዞሩ ይጮኻሉ።

ነጂው ዞረ። እሱ ነበር! ሦስት ወር ሙሉ በጀልባ ሲያመላልሳት የከረመው፣ ማንም ሳያውቅባት በልቧ ያስገባችው ሰው።

«አንተ ነህ? ጎጆው ላይ ስትነዳ እንዴት አስቻለህ?»

«እስቲ አንዴ ስሚኝ...»

«ምኑን ነው የምሰማህ! ዓይንህን አያሳየኝ!»

ጥርሱን ነክሶ ቁልፉን ነቀለና ጥሏት ሄደ። እሷም እልኋ ሳይበርድ ለረግረጉ ኃላፊ የክስ ደብዳቤ ጻፈች። ሰውየው በማግስቱ ከሥራ ተባረረ።

በሦስተኛው ቀን የጠፉትን ጎጆዎች ልትቆጥር ገባች። አንድም አልጠፋም! በንዴት ልብ ያላለቻቸው፣ ሳይታጨዱ የቀሩ የሸምበቆ ቁጥቋጦዎች እዚህም እዚያም ቆመዋል፤ በየመሀላቸው ጎጆ አለ። የማሽኑ ዱካ እየተጠማዘዘ አልፏቸዋል።

ኃላፊው ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች። «ሰውዬው እኮ ጎጆ አልነካም!»

«አውቃለሁ» አለ ኃላፊው ሻዩን እያማሰለ። «ለጎብኚ ውሃው እንዲታይ ሁሉንም እጨድ ብለው እምቢ አለኝ። ያንቺ ደብዳቤ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ።»

ደሟ ፈላ። «እንግዲያው ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የአሁኑ ለእርስዎ አይደለም፤ ለአለቃዎ ነው!»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ነጂው ሄደች። በታላቅ እህቱ የብየዳ ቤት ውስጥ በር እየበየደ አገኘችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጭራሽ ተቆጪዋ አንቺ ሆንሽ? ጆሮ ሰጥተሽኝ ነበር?»

«አንተም ብትጮህብኝ ምን ነበረበት!»

«ባንቺ ላይ መጮህ አልችልማ!» ብሎ ጮኸ። «ሌላ ሰው ቢሰድበኝ ስቄ አልፍ ነበር። አንቺ ግን... እኔን እያወቅሽኝ፣ ያንን ያደርጋል ብለሽ አመንሽ!»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ይቅር በለኝ... ሌላ ሰው ቢሆን እኔንም እንዲህ አያንገበግበኝም ነበር።»

«እናንተ!» አለች እህቱ ከውስጥ። «ደንበኛ አባረራችሁብኝ፤ ማዶ ተሻግራችሁ ተጣሉ!»

ደብዳቤዋ ሠራ። ኃላፊው ከቦታው ተነሳ፤ ነጂውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ግን ኩርፊያው አለቀቀውም። ሳምንት ሙሉ ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር። በስምንተኛው ቀን ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ንዴቴ ገና አልወጣልኝም።»

«ታዲያ ምን ይሻልሃል?»

«ቀስ እያልኩ ልቆጣሽ... ዕድሜ ልኬን ሳይፈጅብኝ አይቀርም።»

ገባት። ፊቷን እንዳጠቆረች ጠጋ አለችው።

«እኔም አፍ አለኝ፤ ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትል!» አለችና እጁን ያዘች።