ያልተነካው ዲስክ

በ1981 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የሀዋሳው ሕፃናት ማሳደጊያ መዝጋቢ ወንጌላዊት የመጨረሻውን ስም በኮምፒዩተር መዝግባ ሳትጨርስ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ኮምፒዩተሩ መዝገቡን መክፈት አቃተው። በውስጡ በድርቁ ዘመን ከወላጆቻቸው የተለያዩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ከነእናታቸው ስም ነበሩ። የወረቀቱን መዝገብ የክረምቱ ጎርፍ ወስዶታል።

ቴክኒሻኑ ገብረየስ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው። የሕፃናት ማሳደጊያውን ኮምፒዩተር በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ አገኘው።

«ከዚያ ወዲህ ምን ጻፉበት?» ሲል ወንጌላዊትን ጠየቃት።

«ምንም። ‹ላስተካክል?› ብሎ ጠየቀኝ። ኃላፊያችን ጓድ ተፈራ አዎ በዪው አሉኝ፤ እኔ ግን ኮምፒዩተሩን አጠፋሁት።»

«ማን መከረዎት?»

«እናቴ፣ የተሰበረ እጅ ወጌሻ ሳይመጣ አይነካም ትላለች።»

ገብረየስ ቀና ብሎ አያት። መሣሪያውን ረስቶ ቆይቶ አያት።

ቀኑን ሙሉ የኮምፒዩተሩን ዲስክ እንዳለ፣ ይዞት በመጣው ባዶ ዲስክ ላይ ሲገለብጥ ዋለ። ኃላፊው ጓድ ተፈራ በሩ ላይ ቆሙ።

«ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው ልታፈጥበት ነው?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፣ ጓድ።»

በማግስቱ ጥገናውን በቅጂው ላይ ሞከረው። ስሞቹ ተደበላለቁ። ወንጌላዊት ራሷን ያዘች።

«አይዞዎት፤ የተበላሸው ቅጂው ነው። ዋናውን አልነካሁትም።»

እንደገና ገለበጠ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ስሞቹ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ መውረድ ጀመሩ። ወንጌላዊት ጮክ ብላ አነበበቻቸው። አሥራ አንዱ አልተገኙም። ወንጌላዊትና ገብረየስ አብረው ከልጆቹ ጋር እየተቀመጡ ዘጠኙን ሞሉ፤ ሁለት ልጆች ግን የእናታቸውን ስም አያስታውሱም ነበር። ገብረየስ «አንቺ» ማለት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ወዲያው ጦርነቱ ወደቀረባት አስመራ ተዛወረ። አውቶቡስ ተራ ሸኘችው።

«አንድ ነገር ልልሽ ነበር። ግን ከተናገሩት በኋላ የማይመለስ ነገር እፈራለሁ።»

«ይህ ቅጂ የለውም፣ ገብሬ። ወይ ተናገር፣ ወይ ሂድ።»

ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «እወድሻለሁ። ስመለስ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ያንተ ሽማግሎች ጴንጤ ቤት ይገባሉ?»

«እምቢ ካሉ ብቻዬን እመጣለሁ።»

በግንቦት አንዲት ሴት ከወሎ ልጇን ፍለጋ መጣች። የራሷን ስም ተናገረች፤ ወንጌላዊት ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈችው፤ የልጅቷ መስመር ወጣ። ልጅቷ እናቷን ስታይ ከአጥሩ ሥር አልተንቀሳቀሰችም። እናትየዋም አልጠራቻትም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት። ልጅቷ ቀስ በቀስ መጣች።

ወንጌላዊት ይህን ሁሉ ጽፋ ወደ አስመራ ላከች። ደብዳቤው ሰኔ ላይ ሳይከፈት ተመለሰ፤ የሚቀበለው ሰው በሕይወት እንደሌለ በፖስታው ጀርባ ተጽፎበታል።

እሷም እስከ ዛሬ አልከፈተችውም። በውስጡ ያለው ደስታ የእሱ ነው።