የዝናቡ ዓመት ወይን

ፍስሃ፣ አትላስ ሰፈር በሚገኘው ወይን ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ፊት ለፊቱ አንድ ብርጭቆና እስከ ግማሽ የሞላ ጠርሙስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱ ውስጥ መርዝ መኖሩ ሲታወቅ፣ ወይኑን ያመጡለት የዝዋዩ ገበሬ አቶ ዋቅቶላ እጃቸው ካቴና ገባ። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ነው።

ኢንስፔክተር ዘርፌ ግን አልተዋጠላትም። ሰው ገድሎ ስሙ የተለጠፈበትን ጠርሙስ ትቶ የሚሄድ ሞኝ አይታ አታውቅም።

«አብረን ጠጥተን ጨረስነው እኮ» አሏት ሽማግሌው። «ባዶውን ትቼ ነው የወጣሁት።»

ከጠርሙሱ ቀድታ አሳየቻቸው። ወይኑ ጠቁሮ፣ ወፍሮ ወረደ። አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ጽሑፉ የእኔ ነው። ወይኑ ግን የእኔ አይደለም።»

ነገሩን አስረዷት። አምና ለቀማ ሲደርስ ዝናቡ አላቆም አለ። ሲራ የሚባለው የወይን ፍሬ ውሃ ጠጥቶ አበጠ፤ ፀሐይ ስላጣ ቆዳው ቀለም አልሰጥ አለ። የወጣው ወይን ቀጭን፣ ፈዘዝ ያለ ቀይ፣ ቁንዶ በርበሬ የሚሸት ሆነ። ካቻምና ግን ዝናቡ ቀድሞ ስለወጣ ፍሬው አንሶ ጣፈጠ፣ ወይኑም ጠቆረ። ለፍስሃ ያመጡለት የአምናውን ነበር።

ዘርፌን ገረማት። እሷ ባደገችበት ቤት ዝናብ በዛ ማለት ጎተራ ሞላ ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሌላም ሰው ይኖራል ብላ አሰበች።

የፍስሃ ሚስት ቤዛዊት አሥር ዓመት ከባሏ ጋር ወይን ስትቀምስ ኖራለች። ባሏ ሸሪኩን ተስፋጽዮንን አሰናብቶ አቶ ዋቅቶላን በቦታው ሊያስገባ እንደነበር የነገረቻት እሷ ናት። ተስፋጽዮን ደግሞ ሆዱን እያሻሸ፣ ጨጓራው ስለማይፈቅድለት ይሸጣል እንጂ እንደማይጠጣ ነገራት። በወይን ቤቱ መጋዘን ካለው የአቶ ዋቅቶላ የካቻምና ወይን ሣጥን አንድ ጠርሙስ ጎድሎ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ካልተነኩ ጠርሙሶች የተቀዱ ሁለት ብርጭቆዎች ነበሩ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ፈዛዛ።

«ተስፋጽዮን፣ አንተ ጀምር። ዝናብ የበዛበት የአምናው የቱ ነው?»

«ይሄም ጥያቄ ሆኖ» ብሎ ጥቁሩን ገፋላት። «ዝናብ የጠገበው ነዋ።»

ቤዛዊት ቀና ብላ አየችው።

«አቶ ዋቅቶላ በስማቸው ጠርሙስ ይህን አይሞሉም» አለች ዘርፌ ድምጿን ሳታነሳ። «ቤዛዊትም ቀለሙን አይታ ትለያለች። ገዳዩ መርዙን በጥቁር ወይን በጥብጦ ለፍስሃ አጠጣው። ሽማግሌው እንዲያዙለት ደግሞ የተረፈውን ባዶ ጠርሙሳቸው ውስጥ ገለበጠ። ጥቁሩን የመረጠው የዝናብ ወይን መስሎት ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ፍስሃና አንተ ጋ ነው። ፍስሃ ሞቷል።»

ተስፋጽዮን ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ለሽማግሌ ገበሬ ብሎ ሊጥለኝ!» አለ።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሄደ። አቶ ዋቅቶላ እጃቸውን እያሻሹ ፈዛዛውን ብርጭቆ አነሱና አሸተቱት።

«ፍስሃን ቀጭን ናት፣ ተዋት ብዬው ነበር። የለፉባት ናት ብሎ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣልኝ።»

ቤዛዊት ብርጭቆውን ተቀበለቻቸውና ጠጥታ ጨረሰችው።