የኮሎኔሉ ጥሩር

የፔል ቤተሰብ የምግብ ጠረጴዛ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ፣ ወደ ጓሮው አትክልት የሚያወጣውን በር ከዘጋው ዓመታት አልፈዋል። የሚበላበት የለም፤ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ ኮረብታና ወንዝ ተሠርቶበታል። ሄስተር ፔል በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ጎኗን አጥብባ ትገባና፣ ጣት የሚያህል የእርሳስ ፈረሰኛ አሻንጉሊት አንሥታ ደረቱን የብረት ቀለም ትቀባዋለች። ሌላ ታነሣለች። እሱም ብረት ነው።

አባቷ ሚስተር ከትበርት ፔል ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። በዚያ የእንግሊዝ ክፍል በአሻንጉሊት ወታደሮች የሚጫወቱ የጦርነት ጨዋታ ማኅበሮች ሁሉ የሚተዳደሩት እሳቸው ባዘጋጁት ዝርዝር ነው፤ የትኛው ጦር ምን እንደታጠቀ፣ ምን እንደለበሰ የሚወስነው ዝርዝሩ ነው። በዝርዝሩ የሌለ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፤ ዝርዝሩ ያልፈታው ክርክር ደግሞ ባለ ስድስት ገጹ ዳይስ ተጥሎ ይፈታል።

ሄስተር እናቷ የሞቱ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ብላ ነበር ከለንደን የመጣችው። ከዚያ የአባቷ ጉልበት ታመመ፤ ከዚያ ዝርዝሩ እንደገና ሊታተም ነው ተባለ። ይኸው ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ሞላ።

አባቷ ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጨዋታውን የምትዳኘው እሷ ነበረች።

«ዳኛ!» ብሎ ጮኸ አንድ እሑድ መድኃኒት ሻጩ ባሲል። «ነይ እስኪ ይሄን ጉድ እዪልኝ! የኮሎኔል ሃርድካስል ፈረሰኞች ራቁታቸውን መጥተዋል!»

«ምን ራቁታቸውን? የቆዳ ካፖርት ለብሰው የለም እንዴ!» አለ የፈረሰኞቹ ባለቤት። ኔቪል ትራስኮት ይባላል፤ ለማኅበሩ አዲስ ነው፤ በከተማው ሙዚየም አሮጌ የጦር መሣሪያ ይጠግናል።

«ዝርዝሩ ደረት የሚሸፍን የብረት ጥሩር ነው የሚለው» አለች ሄስተር።

«ዝርዝሩ ብረቱን ከየት አመጣው?»

«በዘመኑ ከተሣለው የኮሎኔሉ ሥዕል።»

«ሥዕሉን አይተውታል፣ ክብርት ዳኛ?»

«በየቀኑ! ጥሩሩ ግራ ትከሻ ላይ ያለችውን ስርጉድ እንኳ ሳላስቀር ነው የምቀባው።»

ኔቪል ዓይኑ ፈጠጠ። «እያንዳንዱ ፈረሰኛ ላይ?»

«ሁሉም ላይ። ትክክለኛ መሆን አለበት ይላሉ አባቴ።»

ከቦርሳው ሁለት የሥዕል ቅጂዎች አውጥቶ ዘረጋላት። አንዱ የከተማ ከንቲባ፣ ሌላው የሱፍ ነጋዴ ነው። ሁለቱም ጥሩር ለብሰዋል፤ ሁለቱም ግራ ትከሻቸው ላይ ያቺው ስርጉድ አለች።

«የሦስቱም ሠዓሊ አንድ ነው፤ የነበረችውም አንዲት ጥሩር ብቻ ናት። ሰው ሊሣል በመጣ ቁጥር እሷኑ ያለብሰዋል፤ ፋሽን ነበር። ይሄ ነጋዴ ዕድሜ ልኩን ከበግ በቀር ማንንም ገጥሞ አያውቅም።»

ሄስተር ሳቀች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት፤ ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ግን ዳኛ ናትና፣ «ቢሆንም ዛሬ የሚገዛን ዝርዝሩ ነው» አለች። «ፈረሰኞችዎ ብረት እንደለበሱ ይቆጠራሉ።»

«ብረት ለብሶ መኖርን እርስዎም የለመዱት ይመስላሉ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሄስተር ዓይኗን ከፊቱ አላነሣችም።

ከዚያ ወዲህ የወታደሮቿን ሣጥን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚሸከምላት እሱ ሆነ። «እርስዎ» መባባሉ በዚያ መንገድ፣ ዓሣ ጠባሹ ሱቅ ደጃፍ ከዝናብ ሲጠለሉ የሆነ ቦታ ወድቆ ቀረ። ሲለያዩም ወሬያቸው ሳያልቅ አውቶቡሱ ይመጣባቸዋል።

በጸደይ፣ «ዮርክ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ» አላት። «አብረን እንሂድ። እንጋባ።»

«አባቴስ? ጥሩሩ ስሕተት ነው ብላቸው የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ማፍረሴ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ያቺን ስርጉድ እየቀባሁ ማርጀቴ ነው።» ጥቂት አሰበች። «እሑድ ከጨዋታው በኋላ ቤት ሻይ ና።»

መጣ። ሻይ በእጃቸው ይዘው በኮረብታማው ጠረጴዛ ዳር ተቀምጠው ሳለ፣ ሚስተር ፔል የሥዕል ቅጂዎቹን በእጁ ሲያዩ ፊታቸው ተከሰከሰ።

«ሚስተር ትራስኮት፣ ዳቦው ላይ ማርማላታ ይጨምሩ፤ ከዝርዝሬ ላይ ግን እጅዎን ያንሡ።»

«የመጣሁት ልጅዎን እንዳገባት ልጠይቅዎት ነው። ጥሩሩ ይቆየን።»

«ጥሩሩም ይቆያል፣ ልጄም ትቆያለች!»

ሄስተር የሻይ ሲኒዋን ጨልጣ ተነሣች። «የትኛው ገጽ ላይ ነው፣ አባባ?»

«ምኑ?»

«እኔ የምቆየው። ዝርዝሩ ላይ የለም። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር በዳይስ ይፈታል ያሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። አራትና ከዚያ በላይ ከመጣ እሄዳለሁ።»

ዳይሱን ከጠረጴዛው አንሥታ ወረወረችው። ዳይሱ ከኮረብታው ግርጌ ተላትሞ ገና ሳይረጋ፣ ባዶውን ሲኒ ደፋችበት።

«ሲኒውን ሳያነሡ አንድ ነገር ልንገርዎት። ምንም ይምጣ ምን እሄዳለሁ። እርስዎ ፊትዎ ያለውን ሰው በደንብ የሚያዩት ሲጫወቱ ብቻ ነው። አንዴ እንዲያዩኝ ብዬ ነው የጣልኩት።»

አዩዋት። ታጥቦ የማይለቀውን፣ በጥፍሮቿ ሥር የቀረውን የብረት ቀለም አዩ።

«ሥዕሎቹን ይተዉዋቸው፣ ሚስተር ትራስኮት» አሉ በመጨረሻ። «ስርጉዷን አውቃታለሁ። የነጋዴውን ሥዕል ካየሁት ቆይቷል። ላርም ብዬ ብዕር አነሣሁ፤ ግን፣ ሄስተር፣ የምትቀቢው ብረት ካለቀ ወደ ለንደን የምትመለሺ መሰለኝ። ብረቱ እስካለ ድረስ አንቺም አለሽ።»

ሄስተር ልትጮኽ ፈለገች፤ የወጣላት ግን ሹክሹክታ ነበር። «ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ አባባ፣ ያለ ብረትም እየተመላለስኩ እመጣ ነበር።»

ሽማግሌው ሲኒውን በጥቂቱ ከፈት አድርገው አጮለቁ፤ ዳይሱን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ፣ «ኔቪል» አሉ፣ «በል ያንን ጫፍ ያዝ።»

ጠረጴዛው ሲነሣ ኮረብታው ተንሸራተተ፤ ብረት ለባሾቹ እየተንኳኩ ወለሉ ላይ ረገፉ። ያነሣቸው ሰው አልነበረም። የጓሮው በር አቃስቶ ተከፈተ፤ የእርጥብ ሣር ሽታ ገባ።

ሠርጉ እዚያው ጓሮ ሆነ። ባሲል ብርጭቆውን አንሥቶ፣ «ሙሽራው ዛሬም ያለ ጥሩር ነው የመጣው!» ብሎ አሳቃቸው። በአዲሱ እትም የኮሎኔል ሃርድካስል ፈረሰኞች የቆዳ ካፖርት ለበሱ።

ሄስተር ለገና በዓል ከዮርክ በመጣች ቁጥር፣ «እስኪ አሁንስ ይንገሩኝ፣ ስንት ነበር የመጣው?» ትላቸዋለች።

ሚስተር ፔል ኪሳቸውን ዳበስ ያደርጋሉ። «ዝርዝሩ ላይ የለም» ይሏታል።